ከላይኛው ዳርቻ የሚመጣ ዘር

(መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል።)

ሳምንታዊው የሳይንስ ዝግጅታችን ሰዓቱን ጠብቆ ደርሷል። ዛሬ የምናወጋው ስለ ሸርጣን ነው። ሸርጣን በብዙዎቻችን ቤት ማዕድ ላይ አይቀርብም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት አይበላም የሚለውን የኦሪት ሕግ እየሰማን ያደግን ብዙ ነን። ስለዚህ ስለ ጣዕሙ አላወራችሁም፤ የማወራችሁ ስለ ዘመዶቹ ነው። በአንድ የባሕር ዳርቻ የሚኖር ሸርጣን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላ ዳርቻ ከሚኖረው ጋር ይዛመዳል ወይ? ከተዛመዱስ የማን ዘር ነው ወደ ማን የሚሄደው?

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ፤ በዝግጅቱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ነገሩን ከካናዳ ልጀምር። በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ኖቫ ስኮሺያ የምትባል ክፍለ ሀገር አለች። ዋና ከተማዋ ሃሊፋክስ ናት። ከአውሮፓ የመጣ አንድ ሸርጣን በአሜሪካ ጠረፍ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲስፋፋ ቆይቶ ወደ ሃሊፋክስ አካባቢ ደረሰ፤ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ዓመታት አለፉ፤ ሸርጣኑ ግን ወደፊት አልገፋም። ከዚህ በላይ ያለው ውሃ ለእሱ ይቀዘቅዛል፣ አቅሙ እዚህ ድረስ ነው ተባለ። በ1990ዎቹ ግን ያው ሸርጣን በሰሜን ኖቫ ስኮሺያ በብዛት ታየ፤ ወደ ቅዱስ ሎረንስ ባሕረ ሰላጤም ዘለቀ፤ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ገባ።

ምን ተገኘ? ብርዱን ለመደው? ወይስ ባሕሩ ሞቀ? ሁለቱም ግምት ያስኬዳል። መልሱ የተገኘው ግን በሸርጣኑ ዘረመል ውስጥ ነበር፤ ከሁለቱም ግምቶች የተለየ ሆኖ።

መልሱን ከመንገሬ በፊት ባለታሪኩን ላስተዋውቃችሁ። አረንጓዴ ሸርጣን ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ካርሲነስ ሜናስ ነው። ስሙ አረንጓዴ ይሁን እንጂ ቢጫማም፣ ቀላ ያለም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የጀርባው ስፋት ትልቁ ላይ 9 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የትውልድ አገሩ የአውሮፓ ዳርቻ ሲሆን፣ ከኖርዌይ ጀምሮ እስከ ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ይዘልቃል። ትንሽ ቢመስልም ሆዳም ነው፤ ክላምና መሰል ዛጎል ለበስ እንስሳትን እየሰበረ ይበላል፣ ከእሱ ያነሱ ሸርጣኖችን አይምርም፣ ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ የሆነውን የባሕር ሣር እየማሰ ይነቅላል።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ መኖሩን በጽሑፍ ያሰፈረው ቶማስ ሴይ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፤ ጊዜውም 1817 ነበር። በዚያ ዘመን የእንጨት መርከቦች ሚዛናቸውን የሚጠብቁት ድንጋይ ጭነው ነው። ድንጋዩ ከአውሮፓ ዳርቻ ተለቅሞ ይጫናል፣ አሜሪካ ሲደርስ ይራገፋል። ሸርጣኑም ከድንጋዩ ጋር ወይም በመርከቡ አካል ላይ ከተጣበቀው ነገር ጋር ሳይሻገር አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ቀስ እያለ ወደ ሰሜን ተጓዘ። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድና በምሥራቅ ካናዳ የክላም ምርት ሲያሽቆለቁል፣ ከተወቃሾቹ አንዱ ይኸው ሸርጣን ነበር። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በአርጀንቲና ዳርቻዎችም ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሸርጣን እግረኛ ነው። በጥልቅ ባሕር ላይ እንደ ዓሣ ዋኝቶ አገር አያቋርጥም። ታዲያ ያለ መርከብ ከዳርቻ ወደ ዳርቻ የሚሻገረው እንዴት ነው?

የሚሻገረው ትልቁ አይደለም፤ ልጁ ነው።

(የባሕር ውሃ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማል፤ ይወርዳል።)

እናቲቱ ሸርጣን እንቁላሏን ከሆዷ ሥር አቅፋ ትይዛለች፤ በአንድ ጊዜ እስከ 185,000 እንቁላል ልትሸከም ትችላለች። እንቁላሉ ሲፈለፈል የሚወጣው ግን ሸርጣን አይመስልም። 2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ጭንቅላቱ ላይ እሾህ ያለው፣ ትልልቅ ዓይን ያለው ተንሳፋፊ እጭ ነው። ተመራማሪዎች ዞያ ይሉታል። ይህ እጭ አራት የዞያ ደረጃዎችን እያለፈ፣ ቆዳውን እየለወጠ ያድጋል። ከዚያ ሜጋሎፓ ወደሚባለው የመጨረሻ የእጭነት ደረጃ ይሸጋገራል። ሜጋሎፓው መቆንጠጫ አውጥቶ፣ ወደ ዳርቻ ተጠግቶ፣ ከባሕሩ ወለል ላይ ያርፋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዳውን ሲለውጥ ሸርጣን ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጊዜ በውሃው ሙቀት ይወሰናል። በሞቀ ውሃ ፈጠን ይላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከ50 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። እስቲ አብረን እናስላው። በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሄድ ዘገምተኛ የባሕር ጅረት አለ እንበል። በአንድ ቀን ከስምንት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይጓዛል። በ50 ቀን 432 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እናቱ በሕይወት ዘመኗ የማታየውን አገር ልጇ በሕፃንነቱ ይደርስበታል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እጩ ዝም ብሎ ውሃ የሚወስደው ግርድ አይደለም። ወደ ጎን መዋኘት ባይችልም ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ይህም ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ላይኛው ውሃና ታችኛው ውሃ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አይፈስሱምና። የባሕር ውሃ በቀን ውስጥ ሞልቶ ወደ ዳር ይገባል፣ ተመልሶም ይሸሻል። የአረንጓዴው ሸርጣን አዲስ እጮች ውሃው በሚሸሽበት ሰዓት ወደ ላይ ብለው አብረውት ወደ ጥልቁ ይወጣሉ። ሜጋሎፓዎቹ ደግሞ ውሃው በሚሞላበት ሰዓት ተነሥተው አብረውት ወደ ዳርቻ ይገባሉ። የሚገርመው፣ በቤተ ሙከራ ሙላትና ሽሽት በሌለበት ውሃ ውስጥ ሲቀመጡም እጮቹ ይህን የሰዓት ምት ለጊዜው ይዘው ይቆያሉ።

እንግዲህ በሁለት ዳርቻ ሸርጣኖች መካከል ያለው ግንኙነት የሚወሰነው በእነዚህ ነገሮች ነው፦ እጩ በውሃ ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ፣ ጅረቱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ እጩ ራሱ በሚያደርገው እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም ሲያርፍ የሚጠብቀው ዳርቻ ለኑሮ በመመቸቱ። ከ185,000 እንቁላል አብዛኛው በመንገድ ላይ ይበላል ወይም ይጠፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ እጭ ላይ ምልክት አስሮ የት እንደደረሰ መከታተል አይቻልም። ተመራማሪዎች ወደ ዘረመል የዞሩት ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ፣ ከዋናው ዲ ኤን ኤ ሌላ፣ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የኃይል ማመንጫ ክፍሎች ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ዲ ኤን ኤ አለ። ይህ ዲ ኤን ኤ በአብዛኞቹ እንስሳት ከእናት ብቻ ይወረሳል፤ ከአባት ጋር አይደባለቅም። ስለዚህ የእናትን መስመር ወደ ኋላ ተከትሎ ለመሄድ ይመቻል። በረጅም ዘመን ውስጥ በዲ ኤን ኤው ላይ አልፎ አልፎ ጥቃቅን ለውጦች ይፈጠራሉ፤ ለውጡ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። በሁለት ዳርቻ ያሉ ሸርጣኖች እጭ መለዋወጥ ካቆሙ እያንዳንዱ የራሱን ለውጥ እያጠራቀመ ይለያያል። እየተለዋወጡ ከኖሩ ደግሞ ለውጦቹ ስለሚቀላቀሉ ልዩነታቸው ይጠብባል።

ይህን በቁጥር ለመግለጽ መሠረቱን ከጣሉት አንዱ ሱዎል ራይት የተባሉት አሜሪካዊ የዘረመል ሊቅ ናቸው። በ1931 ካሳተሙት ትልቅ ሥራቸው የተቀዳ አንድ ደንብ ዛሬም ይጠቀሳል፦ በየትውልዱ አንድ ስደተኛ ብቻ ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው ሄዶ ከተዋለደ፣ ሁለቱ ሥፍራዎች በአጋጣሚ ብቻ ፈጽመው እንዳይለያዩ ሊያደርግ ይችላል። አንድ ብቻ! ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አረንጓዴው ሸርጣን የትውልድ አገር እንሂድ። በ2004 ጆ ሮማንና ስቲቨን ፓሉምቢ የተባሉ ተመራማሪዎች ከተለያዩ የአውሮፓ ዳርቻዎች የተሰበሰቡ ሸርጣኖችን የማይቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ አነጻጽረው ውጤቱን አሳተሙ። ከአይስላንድና ከፋሮ ደሴቶች የመጡት ሸርጣኖች ከዋናው አውሮፓ ሸርጣኖች በግልጽ ተለይተው ተገኙ። እጩ ለሳምንታት የሚንሳፈፍ ቢሆንም፣ በደሴቶቹና በአውሮፓ መካከል ያለውን ሰፊና ጥልቅ ባሕር ለመሻገር የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው። በዋናው አውሮፓ ግን ዳርቻው የተያያዘ በመሆኑ ልዩነቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ያም ሆኖ በምዕራብና በሰሜን አውሮፓ ሸርጣኖች መካከል ድንበር የሚመስል መስመር ታይቷል። በሜድትራንያን ባሕር ያለው ደግሞ ዓይን ሲያየው ያው ይምሰል እንጂ ሌላ ዝርያ ነው፤ ካርሲነስ ኤስቱአሪ ይባላል።

እንግዲህ ያ የአውሮፓ ካርታ ነው የካናዳውን እንቆቅልሽ ለመፍታት የረዳው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

መጤ እንስሳ ወደ አዲስ አገር ሲስፋፋ በዘረመል ረገድ አንድ የተለመደ ነገር ይታያል። ከፊት የሚቀድሙት ጥቂቶች ስለሆኑ፣ የያዙት የዘር ዓይነትም ጥቂት ነው። ወደ ግንባሩ በተጠጋችሁ ቁጥር የዘሩ ዓይነት እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ደንብ ከሄድን፣ በሰሜን ኖቫ ስኮሺያ የታዩት ሸርጣኖች በዘር ዓይነት ከሁሉም ድኻ መሆን ነበረባቸው።

ጆ ሮማን የምሥራቅ አሜሪካንና የካናዳን ሸርጣኖች መርምረው በ2006 ያሳተሙት ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። በደቡብ ያሉት ድኾች፣ በሰሜን ያሉት ባለጸጎች ሆነው ተገኙ። ከዚህም በላይ፣ በሰሜኑ የታዩት አንዳንድ የዘር ዓይነቶች በደቡቡ ከነጭራሹ የሉም። የሌለ ዘር ደግሞ ከደቡብ ሊመጣ አይችልም። ዘሮቹ የተገኙት ማዶ፣ በአውሮፓ፣ በተለይም በሸርጣኑ የትውልድ አገር ሰሜናዊ ክፍል ነበር።

ስለዚህ ሃሊፋክስ ላይ የቆመው ሸርጣን ብርዱን ለምዶ አልተነሣም። ሌላ ሸርጣን ከቀዝቃዛው የአውሮፓ ክፍል፣ ቀድሞ የመጣው ሳይታወቅ እንደመጣ፣ እሱም ሳይታወቅ በሰሜን በኩል ገብቶ ነበር። የካንሶ ወሽመጥ ለትልልቅ መርከቦች የሚመች ጥልቅ ወደብ ያለው አካባቢ ነው፤ ጥርጣሬውም ወደዚያ ያመራል። የዘመናችን መርከቦች ለሚዛን ድንጋይ አይጭኑም፤ ከሚነሡበት ወደብ የባሕር ውሃ ሞልተው ይጓዛሉ፣ ሲደርሱ ይደፉታል። በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ እጭ ካለ አብሮ ይሻገራል። ሰዎች እንደ አንድ ወረራ ሲቆጥሩት የነበረው፣ ለካ ሁለት ወረራ ኖሯል።

ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ይበልጥ ያስደንቃል።

በዚያ ጠረፍ ያለው የባሕር ጅረት በአማካይ የሚፈሰው ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከኖቫ ስኮሺያ ወደ ሜይን ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሸርጣን ከ1817 በፊት በደቡብ በኩል ገብቶ ወደ ሰሜን ሲስፋፋ የኖረው ጅረቱን ወደ ላይ እየገፋ ነበር። ነፋስ አቅጣጫ በሚለውጥበት፣ ውሃው ወደ ኋላ በሚዞርበት ጊዜ ጥቂት እጮች ወደ ላይ ያመልጣሉ፤ በዚህ ሁኔታ እየተንፏቀቀ ሃሊፋክስ አካባቢ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ሁለተኛው ሸርጣን ግን ከላይ ነው የገባው። ጅረቱ ለእሱ ቁልቁል ነው።

በ2011 ጄምስ ፕሪንግልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህን በስሌትና በዘረመል አረጋገጠ። የሰሜኑ የዘር ዓይነቶች በየዓመቱ ወደ ደቡብ እየወረዱ፣ ከቀደሙት ጋር እየተቀላቀሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ከአንድ ሸርጣን ያልፋል፦ እጩ በውሃ ለሚጓዝ እንስሳ፣ የጠቅላላውን ጠረፍ የዘር መልክ የሚወስነው በጅረቱ ራስ ላይ ያለው አነስተኛ ክፍል ነው።

በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በአንድ ቦይ ዳር አሥር ማሳ ተደርድሯል እንበል። በቦዩ ራስ ባለው ማሳ ላይ የበቀለ አረም ዘሩን ለዘጠኙ ሁሉ ያዳርሳል። በቦዩ ጅራት ያለው ማሳ ግን የፈለገውን ያህል ቢያፈራ፣ ለላይኛው ጎረቤቱ የሚልከው ዘር እምብዛም የለም። የታችኛው ገበሬ ማሳውን ስንት ጊዜ ቢያርም፣ የላይኛው ካላረመ በቀር ድካሙ አያልቅም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው የአሜሪካ ጠረፍ፣ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ እንሻገር። አረንጓዴው ሸርጣን በካሊፎርኒያ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ የተገኘው በ1989 ነው። ዘረመሉ ሲመረመር በቀጥታ ከአውሮፓ የመጣ አልሆነም፤ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የተሻገረ ነው። ለጥቂት ዓመታት በካሊፎርኒያ ቆየ። ከዚያ የ1997 እና የ1998 ኃይለኛ ኤል ኒኞ መጣ።

ኤል ኒኞ ለእኛ ባዳ አይደለም። በ2015 ዝናባችንን አዛብቶ ድርቅ ያስከተለብን እሱ ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ደግሞ ውሃውን አሙቆ፣ ወደ ሰሜን የሚሄደውን የጠረፍ ጅረት ያጠናክራል። ሸርጣኑ በ1997 ኦሪገን ታየ፤ በ1998 ዋሽንግተን፤ ወዲያው ደግሞ የካናዳዋ ቫንኩቨር ደሴት። ካሮሊን ቴፖልትና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት የዘረመል ጥናት፣ በዚህ ረጅም ጠረፍ ላይ የተበተኑት ሸርጣኖች ከአንድ ምንጭ የተገኙና በጅረት የተሠራጩ፣ እርስ በርሳቸውም በጥብቅ የተገናኙ መሆናቸውን አሳይተዋል። በ2022 ደግሞ ሸርጣኑ አላስካ ደረሰ፤ ቅርፊቱን በአኔት ደሴት ያገኙት የመትላካትላ ነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ ባለሙያዎች ናቸው።

ከዚህ ጋር አንድ አስገራሚ ነገር ይነሣል። የፓስፊኩ ሸርጣን በጥቂቶች የተጀመረ ስለሆነ በዘር ዓይነት ድኻ ነው። ድኻ ዘር ደግሞ ከአዲስ አየር ጠባይ ጋር ለመስማማት ይቸገራል ተብሎ ይጠበቃል። ቴፖልትና ባልደረቦቻቸው በ2022 ያሳተሙት ሌላ ጥናት እንዳሳየው ግን፣ ከብርድና ከሙቀት ጋር የተያያዘ አንድ የዘረመል ክፍል በሁለት ዓይነት መልክ ተጠብቆ ቆይቷል። እጮቹ በየዓመቱ በጅረት ቢደባለቁም፣ ቀዝቃዛው ውሃ ለብርድ የሚስማማውን፣ ሞቃቱ ውሃ ለሙቀት የሚስማማውን እየመረጠ ያስቀራል። በአጠቃላይ ሀብቱ ጥቂት ቢሆንም፣ የሚያስፈልገውን አንድ ነገር ይዞ ስለተሻገረ ተጠቅሞበታል።

እዚህ ላይ ዘረመል የሚነግረንንና የማይነግረንን መለየት ያስፈልጋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አስታወሳችሁ? በየትውልዱ አንድ ስደተኛ። ለዘር መመሳሰል ጥቂት እጮች ይበቃሉ። ለቁጥር ግን አይበቁም። ዓሣ አስጋሪዎች ሸርጣን ለቅመው ያራቆቱት ዳርቻ አለ እንበል። ከጎረቤት ዳርቻ በየዓመቱ አሥር እጮች ቢደርሱለት፣ የሁለቱ ዳርቻዎች ሸርጣኖች በዲ ኤን ኤ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አሥር እጭ ግን ባዶ ዳርቻ አይሞላም። አንድ ባለሥልጣን ዘራቸው አንድ ስለሆነ ይህኛው ቢያልቅ ያኛው ይተካዋል ብሎ ቢፈርድ፣ ፍርዱ አስጋሪውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ዲ ኤን ኤውን ከጅረት መለኪያ፣ ከእጭ ቆጠራና ከዳርቻው ሸርጣን ቁጥር ጋር አያይዞ የሚያነበው ለዚህ ነው።

አድማጮቻችን ምናልባት፣ እኛ አገር ስላለው ሸርጣንስ ትሉ ይሆናል። በወንዞቻችንና በሐይቆቻችን ዳር፣ ድንጋይ ሲገለበጥ የሚገኘው ሸርጣን ፖታሞናውቴስ ከሚባለው የአፍሪካ የወንዝ ሸርጣን ወገን ነው። የእሱ አስተዳደግ ከባሕሩ ፈጽሞ ይለያል። የሚንሳፈፍ እጭ የለውም። እንቁላሉ ትልቅ፣ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ሲፈለፈል የሚወጣው ትንሽ ሸርጣን ሆኖ ነው፤ እናቱም ለጊዜው ከሆዷ ሥር አቅፋ ታቆየዋለች። ወራጅ ውሃ ላይ እጭ ቢለቀቅ ወዴት እንደሚወሰድ ማሰብ ነው። በዚህ ምክንያት የወንዝ ሸርጣን ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው መሻገር ይከብደዋል። አንድ ጅረት ቢመረዝ ወይም ቢደርቅ፣ ከሩቅ የሚመጣለት ምትክ የለም። የባሕሩ ሸርጣን በሩቅ ዘመድ ሊተርፍ ይችላል፤ የወንዙ ሸርጣን ያለው የሠፈሩ ዘመድ ብቻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ሁሉ እውቀት ለምን ይጠቅማል? ወራሪ ሸርጣንን ለመከላከል ወጪ የሚያወጡ ሰዎች መልሱን ያውቁታል። የዋሽንግተን ግዛት አገረ ገዥ በጥር 2022 በዚህ ሸርጣን ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ እስከማውጣት ደርሰዋል። ወጥመድ ይጣላል፣ ሸርጣን በሺህ ይለቀማል። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የሚለቀመው ሸርጣን እዚያው የተወለደ ነው ወይስ ከሩቅ የመጣ?

በካሊፎርኒያ ሲድሪፍት በምትባል ትንሽ ሐይቅ መሰል የባሕር ውሃ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ሸርጣን ለቅመው፣ ከ100,000 በላይ የነበረውን ቁጥር ከ10,000 በታች አወረዱት። ሊያልቅ ነው ተባለ። በ2014 ግን ቁጥሩ በአንድ ጊዜ 30 እጥፍ ያህል ሆኖ ተነሣ። ኤድዊን ግሮሾልዝና ባልደረቦቻቸው በ2021 እንዳስረዱት፣ ትልልቆቹ ሸርጣኖች ትንንሾቹን ይበሉ ነበር። ትልልቆቹ ሲለቀሙ ትንንሾቹን የሚበላ ጠፋ። እዚህ ችግሩ ከውስጥ ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ጨርሶ ለማጥፋት ከመሞከር ይልቅ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መያዝ እንደሚሻል መከሩ።

ችግሩ ከውጭ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ መፍትሔው ሌላ ነው። ከታች ወጥመድ መጣል ለጊዜው ያስታግሳል፤ ምንጩ ያለው ከላይ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ አዲስ ዘር በጅረቱ ራስ ላይ እንዳይገባ መከላከል ይቀድማል። መርከቦች ለሚዛን የሚጭኑትን ውሃ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 ጸድቆ፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። መርከቦች ወደብ ገብተው ውሃውን ከመድፋታቸው በፊት እንዲያጣሩትና እንዲያክሙት ያስገድዳል፤ እስከ 2024 ድረስ በጥልቅ ባሕር መለወጥም ይፈቀድ ነበር። ፕሪንግልና ባልደረቦቻቸው ካሳዩት ተነሥተን ብንመዝነው፣ ሁሉም ወደብ እኩል አይደለም። በጅረቱ ጅራት ባለ ወደብ የተደፋ አንድ ጋን ውሃ የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው እዚያው አካባቢ ይቀራል። በጅረቱ ራስ ባለ ወደብ የተደፋው ግን ዘሩን ለመላው ጠረፍ ያድላል። ለቁጥጥር የሚመደበው ገንዘብና የሰው ኃይል ውስን ከሆነ፣ መቅደም ያለበት የላይኛው ወደብ ነው።

በጥብቅ ለሚጠበቁ የባሕር ክልሎችም የሚሠራው ይኸው ሐሳብ ነው። አንድ መንግሥት ሸርጣን እንዳይጠመድበት የሚከልለውን ዳርቻ ሲመርጥ፣ ዛሬ ሸርጣን የበዛበትን ብቻ ማየት አይበቃውም። ብዙ ሸርጣን የሚታይበት ዳርቻ ተቀባይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሰጪው ደግሞ ሸርጣን እምብዛም የማይታይበት ሌላ ዳርቻ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩን ከልሎ ሰጪውን ለወጥመድ መተው፣ ውሎ አድሮ ሁለቱንም ማሳጣት ነው። ሰጪውን ከተቀባዩ የሚለየው ደግሞ በወጥመድ የሚቆጠር ቁጥር ብቻውን አይደለም፤ ዘረመሉና የጅረቱ ካርታ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው።



(መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ይጠናቀቃል።)